የሐላል ጋሪዎቹና የፈቃዱ ገበያ

 

ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሳምቡሳዋን ሰብስባ የምትሮጥ እናት ያላየ ተማሪ በመካከላችን የለም። ግማሾቻችን «ሠርታ ትብላ እንጂ» እንላለን፤ ግማሾቻችን «መንገዱ እኮ የእግረኛ ነው» እንላለን። ሁለታችንም ሐቅ አለን። ታዲያ የከተማ አስተዳደር የመንገድ ላይ ምግብን እንዴት ቢቆጣጠር ነው የማንም ሐቅ የማይጎድለው? በዚህ ጉዳይ ከኒውዮርክ ብዙ መማር ይቻላል፤ እዚያ ጉዳዩ ብዙ ሙስሊም ወንድሞቻችንን በቀጥታ ይነካል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኒውዮርክ ጎዳናዎች «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የምግብ ጋሪዎች በየማዕዘኑ ይታያሉ። ከሚሠሩባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከግብፅ፣ ከባንግላዴሽና ከአፍጋኒስታን የሄዱ ናቸው። በ1990 ሦስት ግብፃውያን በማንሃተን ሆት ዶግ መሸጥ ጀመሩ። ሙስሊም የታክሲ ሾፌሮች ሐላል ምግብ እንደሚፈልጉ ሲያዩ ወደ ዶሮ በሩዝ ዞሩ። ያቺ ጋሪ ዛሬ «ዘ ሐላል ጋይስ» የሚባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት ሆናለች።

የከተማዋን ሕግ ለሁለት ከፍለን እንየው።

አንደኛው ክፍል ተመጋቢውንና መንገደኛውን ይጠብቃል። ሻጩ የምግብ ንጽሕና ሥልጠና ወስዶ የግል ፈቃድ ያወጣል፤ ጋሪው ወይም መኪናው ደግሞ ተመርምሮ የራሱን ፈቃድ ያገኛል። ጋሪ የሚቆመው ቢያንስ 12 ጫማ (3.6 ሜትር ገደማ) ስፋት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ከሕንፃ መግቢያም 20 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) መራቅ አለበት። የምግብ መኪና የማቆሚያ ሒሳብ በሚከፈልበት ቦታ ቆሞ መሸጥ አይችልም። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እንደ ምግብ ቤት የንጽሕና ደረጃ በፊደል ተሰጥቶት ይለጥፋል። ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። በቀደሙት የሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ ሚዛን ይመረምር፣ የምግብ ሻጮችን ንጽሕና ያይ፣ መንገድም እንዳይዘጋ ይጠብቅ ነበር።

ችግሩ ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ የጋሪና የመኪና ፈቃዶችን ቁጥር ወደ 3,000 ገደማ ወሰነች። ሕዝቧ ከ8 ሚሊዮን ቢያልፍም ቁጥሩ ለአሥርት ዓመታት ያው ሆኖ ቆየ። የፈቃዱ ክፍያ ለሁለት ዓመት 200 ዶላር ነበር። ፈቃዱን ቀድመው የያዙ ግን በጥቁር ገበያ ከ20,000 ዶላር በላይ ያከራዩት ጀመር። ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የሚቆመው ሰው ወረቀት ብቻ ለያዘው ሰው ይሠራል ማለት ነው። ለመከራየት አቅም ያጣው ያለ ፈቃድ ይሸጣል፤ ሲያዝ ይቀጣል።

የምህንድስና ተማሪዎች ይህ ይገባናል። ግፊት ያለበትን ቧንቧ ጫፉን ብትዘጋው ግፊቱ አይጠፋም፤ በሳሳው ቦታ በኩል ይወጣል። እዚያም ቁጥሩ ሲዘጋ የሻጩና የበላተኛው ፍላጎት አልጠፋም፤ ለደላላ ሲሳይ ሆነ እንጂ። ከተማዋም ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ያገኘችው 200 ዶላሯን ብቻ ነው።

በ2021 ሕጉ ተሻሻለ። ከ2022 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃዶች እንዲሰጡ ተወሰነ። ዋናው ለውጥ ግን ባለፈቃዱ ራሱ ጋሪው ላይ መገኘት አለበት የሚለው ነው፤ ይህ የኪራዩን በር ይዘጋል። አፈጻጸሙ አዝጋሚ በመሆኑ ግን ብዙዎች ዓመታት ጠብቀዋል።

እንግዲህ ስለ መንገድ ንግድ ደንብ ስንከራከር «ቁጥጥር ይኑር ወይስ አይኑር» ብለን አንጀምር። ቁጥጥርማ ያስፈልጋል፤ የተበከለ ምግብም የተዘጋ መንገድም የሰው ሐቅ ነው። ይልቅ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ደንብ የሚጠብቀው ማንን ነው? ትርፉስ የሚገባው ከማን ኪስ ነው?

ከመካከላችን ነገ በከተማ ፕላንና በመንገድ ሥራ የሚቀመጡ አሉ። ያን ቀን ንድፉ ላይ ለመኪና ማቆሚያ ስናሰምር ለሳምቡሳ ሻጯም ውሃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃና ሁለት ሜትር ቦታ እናስብላት። አላህ በሐላል ለሚደክሙ ሁሉ ሪዝቃቸውን ያስፋላቸው፤ እኛንም ሐቅ ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።