944 ቱርቦ ልትገዙ ነው? ዓመቱን እዩ

አንድ ወንድማችን ከሲልቨር ስፕሪንግ በውስጥ መስመር ሁለት ማስታወቂያ ልኮልኛል። አንዱ የ1986 ፖርሽ 944 ቱርቦ ነው፤ ሌላው የ1988 «ቱርቦ ኤስ»። በዋጋቸው መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ደህና መኪና ይገዛል። «የቱን ልያዝ?» ነው ጥያቄው። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ለጨዋታ ያህል አንብቡት፤ ከ2024 ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት እንደተከለከለ ታውቃላችሁ።

መኪናውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ሞተሩ የታላቅ ወንድሙ የ928 ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ግማሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለአራት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር። ሲሊንደሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥ ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች አሉት። ካምቢዮው ከኋላ ጎማዎቹ ጋር ስለተቀመጠ ክብደቱ ለፊትና ለኋላ ተቀራራቢ ሆኖ ይከፈላል። ኩርባ ላይ የሚወደደውም በዚህ ነው። ቱርቦው በ1985 ሲመጣ 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከ3 ሺህ ዙር በታች እንቅልፋም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ ጀርባችሁን ይገፋዋል።

አሜሪካ ውስጥ ቱርቦው የተሸጠው ከ1986 እስከ 1989 ባሉት ሞዴሎች ብቻ ነው። አራት ዓመት ነው፣ ግን መኪኖቹ አንድ አይደሉም። የ1986ቱ ኤቢኤስ የለውም፣ ኤርባግም የለውም። የቸርኬው ልክ ከኋለኞቹ ስለሚለይ የ1987 ቸርኬ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገጥሙበት። በ1987 ለሾፌሩም ለጎኑ ተሳፋሪም ኤርባግ መደበኛ ሆነ። ኤቢኤስ ግን በትእዛዝ ነበር፤ ስለዚህ የምታዩት መኪና ላይ መኖሩን ራሳችሁ አረጋግጡ።

በ1988 ነው «ኤስ» የሚባለው የመጣው። ተለቅ ያለ ቱርቦ፣ 250 የፈረስ ጉልበት፣ ከ928 ኤስ ፎር የተወሰደ ፍሬን፣ ጠንከር ያለ ሞላና ሾክ፣ ጎማ ባዶውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፍረንሻል። የገበያው ወሬ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በተለይ ብርማ ሮዝ ቀለም ያለው ከወጣ ሰው ዋጋ መከራከር ይተዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለውን ልንገራችሁ። በ1989 ፖርሽ የኤሱን ሞተርና ፍሬን ለሁሉም ቱርቦ ሰጠና «ኤስ» የምትለዋን ፊደል አነሳት። ኤቢኤሱም መደበኛ ሆነ። ማለትም የ1989ኙ ስሙን ያልያዘ ኤስ ነው። ዲፍረንሻሉና ጠንካራው ሞላ ግን በትእዛዝ ስለነበሩ ኮዱን ማየት አለባችሁ። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ በመጠባበቂያ ጎማው አካባቢ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ 220 ዲፍረንሻሉ ነው፣ 030 ሞላው። የ1988 ኤስ ነው ለተባላችሁት ደግሞ 758ን ፈልጉ። ወረቀቷ ተልጣ ከሆነ ሻጩ በሌላ ሰነድ ያሳምናችሁ፤ ካልቻለ በተራ ቱርቦ ዋጋ ተነጋገሩ።

እኔ የምመርጠው በኋላ ሊጨመር በማይችለው ነገር ነው። ጉልበት መጨመር በቱርቦ ሞተር ላይ ቀላል ነው፤ የኮምፒውተሩን ቺፕ ለውጦ ግፊቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ 30 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ኤቢኤስ የሌለውን መኪና ባለኤቢኤስ ማድረግ ግን ለጋራዥ ሰው እንኳ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ 1989፤ ከሌለ ኤቢኤስ ያለው 1987 ወይም ተራው 1988። ዕቃ መፍታትና መግጠም ለሚወድ፣ ቅልል ያለውን ለሚፈልግ ደግሞ 1986 መጥፎ አይደለም። «ቱርቦ የሌለው ባለ3 ሊትሩ ኤስ ቱስ?» ትሉኛላችሁ። ከተማ ውስጥ ለመንዳት እሱ ይሻላል፣ አልክድም። እኔ ግን ያቺን የምትገፋ ደቂቃ ጠብቄ መንዳት ነው ደስ የሚለኝ።

ከዓመቱ ቀጥሎ የምትጠይቁት የቺንጋውን ደረሰኝ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ይፈታል። ባለቤቶቹ በየ30 ሺህ ማይሉ ወይም በየአራት ዓመቱ ገደማ ይቀይሩታል፤ የማመጣጠኛ ዘንጎቹን ቺንጋና የውሃ ፓምፑንም አብረው። «ቅርብ ጊዜ ተቀይሯል» የሚል ቃል ደረሰኝ አይደለም። ፍሪሲዮኑም እንደዚሁ ነው፤ ዕቃው ብቻ ሳይሆን እዚያ ለመድረስ ማርሚታውና ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚሄደው ቱቦ ስለሚወርዱ የጉልበት ዋጋው ያስደነግጣል።

ለሙከራ ስትነዱት የቱርቦውን ጌጅ ተመልከቱ። የሚያሳየው ከአየሩ ግፊት ጋር ተደምሮ ነው፤ ያልተነካ 220 ባለጉልበት ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ 1.75 አካባቢ ይደርሳል። 1.4 ላይ ከቆመ አንድ ቦታ ያፈሳል ወይም ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ደክሟል። ወደ 2 ከተጠጋ አንድ ሰው ነካክቶታል፤ ማን እንደነካካውና ሌላ ምን እንደለወጠ ጠይቁ። ሞተሩን ስታጠፉ ደግሞ ወዲያው አትውረዱ። ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የጋለው ቱርቦ ውስጥ ውሃ ስታዞር ድምጿ ይሰማል። ካልሰማችሁ ኮፈኖውን አስከፍቱና ምክንያቱን አስመርምሩ።

በመጨረሻ፣ «ድንገት አልነሳ አለ» ብሎ ዋጋ የጣለ ሻጭ ካገኛችሁ ዲኤምኢ የምትባለውን ሪሌ ገዝታችሁ ሂዱ። ርካሽ ናት፣ በፊውዞቹ ሳጥን ውስጥ ትሰካለች፣ ስትደክም ሞተሩ ቤንዚን አያገኝም። በእሷ ከተነሳ መኪናው የናንተ ነው፤ ካልተነሳ ደግሞ ሪሌዋ ለሚቀጥለው ትሆናችኋለች።