ለፖል ባርን ወርክሾፕ የቦታ ዝግጅት

ፖል ባርን (ባለምሰሶ ጎተራ) በዩናይትድ ስቴትስ ገጠሮች በብዛት የሚሠራ የሕንፃ ዓይነት ነው። ዙሪያውን የተያያዘ የመሠረት ግንብ የለውም። በኬሚካል የታከሙ የእንጨት ምሰሶዎች በተራራቁ ጉድጓዶች ውስጥ ይተከላሉ፤ በምሰሶዎቹ ላይ ማገር ይመታል፣ ከላይ ካፕሪያታ ይጫናል፣ ከዚያም ግድግዳውና ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል። አሠራሩ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚያገለግለው ለከብት፣ ለድርቆና ለእርሻ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰዎች ለእንጨት ሥራ፣ ለብየዳ ወይም ለመኪና ጥገና ወርክሾፕ ይመርጡታል።

ይህ የአገልግሎት ለውጥ የቦታውን ዝግጅት ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አድርጎታል። የድርቆ ጎተራ ወለሉ አፈር ስለሆነ ሁለት ሳንቲሜትር ቢሰምጥ የሚያስተውለው የለም። በወርክሾፕ ውስጥ ግን ቶርኖና የመጋዝ ማሽን በኮንክሪት ወለል ላይ ይቆማሉ። ወለሉ ከሰመጠ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ከገባ መሣሪያው ይዝጋል። ከዚህም በላይ የሕንፃው ክብደት የሚያርፈው በምሰሶዎቹ ላይ እንጂ በወለሉ ላይ ስላልሆነ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ጣሪያውና ግድግዳው ቀጥ ብለው ቆመው ወለሉ ብቻ ሊበላሽ ይችላል፤ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ከሥሩ ያለውን አፈር ማስተካከል እጅግ ውድ ነው።

ቦታ መምረጥ

የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ሜዳ የሚመስል ዝቅተኛ ቦታ ቁፋሮ ስለሚቀንስ ያጓጓል፤ ነገር ግን የአካባቢው ጎርፍ የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ቦታውን ከከባድ ዝናብ ማግስት ማየት በበጋ አሥር ጊዜ ከመመላለስ ይሻላል። ሕንፃው ከፍሳሽ ማስረጊያ ቱቦዎች በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ክብደቱ ቱቦዎቹን ይሰብራል።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የእርሻ ሕንፃ ከግንባታ ፈቃድ ነፃ ነው። ወርክሾፕ ግን እንደ እርሻ ሕንፃ ላይቆጠር ስለሚችል አስቀድሞ የወረዳውን (የካውንቲውን) ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቁፋሮ በፊት ደግሞ በመላ አገሪቱ የሚሠራው 811 የስልክ ቁጥር ላይ ይደወላል፤ የድርጅቶች የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመሮች የሚያልፉበት ቦታ በቀለም ወይም በባንዲራ ይመለከታል። ባለቤቱ ራሱ የዘረጋው መስመር በዚህ አገልግሎት አይሸፈንም።

አፈሩ

የላይኛው ለም አፈር ሥርና ብስባሽ ስላለበት ከጊዜ በኋላ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ተገፎ ይወጣል። ግፈፋው ከሕንፃው ልክ በየጎኑ 1.5 ሜትር ያህል ይሰፋል። በጣም የተለመደውን 30 በ40 ጫማ (9.1 በ12.2 ሜትር) ሕንፃ ብንወስድ፣ የሚገፈፈው ቦታ 185 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ቢነሳ 37 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ይህ አፈር ባይጣል ጥሩ ነው፣ በኋላ ለዙሪያው ሣር ያስፈልጋል።

በቴክሳስ ሰፊ ቦታ የሚሸፍነው ሂዩስተን ብላክ የተባለው ጥቁር አፈር፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታወቀው መረሬ ጋር በአንድ የአፈር መደብ (ቨርቲሶል) ይመደባል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ኮንክሪቱንም አብሮ ያነሳዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተወሰነ ጥልቀት ቆፍሮ በገረጋንቲ መተካት የተለመደ ሲሆን፣ ጥልቀቱን የአፈር ባለሙያ ቢወስን ይመረጣል።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከላይ ተቆርጦ ከታች ይሞላል። ብዙ ወርክሾፖች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። የወለሉ ግማሽ በነባር አፈር፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ሲያርፍ፣ ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ስንጥቁ በትክክል በመጋጠሚያው መስመር ላይ ይወጣል። ሙሌት በአንድ ጊዜ ተከምሮ ከላይ ቢዳመጥ ታችኛው ክፍል ልል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት እየተነጠፈ እያንዳንዱ ንጣፍ በሮለር ይጠቀጠቃል። የእርጥበቱ መጠንም ወሳኝ ነው፦ በጣም የደረቀ አይያያዝም፣ በጣም የራሰ ከሮለሩ ሥር ይንሸራተታል። ይህን የእርጥበትና የጥቅጠቃ ግንኙነት አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር በ1933 አሳትሞታል፤ የጥቅጠቃ ፍተሻው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የምሰሶ ጉድጓዶች

ምሰሶው ሙሌቱን አልፎ ያልተነካ ነባር አፈር ላይ መድረስ አለበት። እዚህ ላይ የሚፈጸም አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ፦ ምሰሶዎቹ ታዘው ከመጡ በኋላ ቦታው 60 ሳንቲሜትር ሙሌት እንደሚፈልግ ይታወቅና እንጨቱ ያጥራል። የመሬቱ ከፍታ ልዩነት ከትዕዛዙ በፊት መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

በቀዝቃዛ ግዛቶች የጉድጓዱ ግርጌ ክረምት ላይ አፈሩ ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች ይሆናል፤ አለዚያ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ምሰሶውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሚኒሶታ ሕጉ የሚጠይቀው በደቡቡ 42 ኢንች (107 ሳንቲሜትር)፣ በሰሜኑ 60 ኢንች (152 ሳንቲሜትር) ነው። ከግርጌው የኮንክሪት ማረፊያ ይደረጋል። እንጨቱን በተመለከተ፣ የጭቃ ቤት ያሠራ ሰው እንደሚያውቀው ምሰሶ ቶሎ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት አንገቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለመሬት ውስጥ ተብሎ የታከመ እንጨት እንጂ ተራ እንጨት አይተከልም።

ማዕዘኖቹ በችካልና በሲባጎ ይወጣሉ። 30 በ40 ጫማ የሆነ ሕንፃ አንድ ምቾት አለው፦ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርቀት ልክ 50 ጫማ ይመጣል፣ ሁለቱም ሰያፍ ልኬቶች እኩል ይሆናሉ።

ውሃና ወለል

የተጠናቀቀው ወለል ከዙሪያው መሬት ከፍ ይላል፤ መሬቱም ከግድግዳው ወደ ውጭ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። በዚህ ሕንፃ ጣሪያ ላይ 25 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 2,800 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በምሰሶዎቹ ግርጌ ይፈስሳል። ከላይ በኩል ተዳፋት ካለ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል።

ከወለሉ ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጠጠር ተነጥፎ ይጠቀጠቃል፣ እርጥበት የሚከለክል ወፍራም ፕላስቲክ ይደረብበታል፣ ከዚያ 10 ሳንቲሜትር ያህል ኮንክሪት ይፈስሳል። የመብራትና የውሃ ቱቦዎች ከዚህ በፊት መቀበር አለባቸው። ኮንክሪት ጭኖ የሚመጣው መኪና ከ25 ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል መግቢያው መንገድም አብሮ በጠጠር ይጠናከራል።

ጊዜ ያላቸው ባለቤቶች የተጠቀጠቀውን ቦታ ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት ለጥቂት ወራት ዝናብ እንዲመታው ይተዉታል። ውሃ የሚያቁርባቸው ስፍራዎች የሰመጡትን ቦታዎች ስለሚያሳዩ፣ በዚያን ጊዜ ጥቂት ገረጋንቲ ጨምሮ እንደገና መጠቅጠቅ ይበቃል።