ቀለም የሌለው ልዩነት፦ የአሜሪካ የዘር የሀብት ክፍተትና የእኛ ሸክላ ሠሪዎች

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ስለ አሜሪካ የዘር ልዩነት ስንወያይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። "ጥቁሮቹ ከባርነት ከወጡ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የእኩልነት ሕግም ወጥቶላቸዋል። ታዲያ እስካሁን ለምን በሀብት ወደ ኋላ ቀሩ?" የሚል ነው። አብዛኞቻችን "የነጮቹ ጥላቻ ነው" ብለን አለፍነው። "እኛ አገር እንኳን እንዲህ ያለ ነገር የለም" ያለም ነበር። እኔም ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ።

በኋላ ግን ያደግሁባት ጊምቢቹ ትዝ አለችኝ። ጊምቢቹ በሐዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በልጅነቴ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት በገበያ ቀን ምጣድና ጀበና በጀርባቸው አዝለው ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር። እናቴ ምጣድ የምትገዛው ከእሳቸው ብቻ ነው፤ የእሳቸው ቶሎ አይሰነጠቅም። ቡና ሲፈላ ግን ሴትየዋ የሚቀመጡት ደጅ ነው። የሚጠጡበትም ስኒ ከሌሎቹ ስኒዎች ጋር አይቀላቀልም፤ ለብቻው ከበሩ ጀርባ ይቀመጥ ነበር። "እማዬ፣ ለምን?" ብዬ ስጠይቃት "ዝም በል፣ ልማድ ነው" አለችኝ። ቆጯችን የሚጋገረው እሳቸው በሠሩት ምጣድ ነው፤ ቡናውም የፈላው በእሳቸው ጀበና ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የአሜሪካው ልዩነት እንዴት እንደተፈጠረ በአጭሩ አስረዳለሁ። ቀጥሎ ያንኑ አስተያየት ይዤ ወደ ሐዲያና ከምባታ ሸክላ ሠሪዎች እመለሳለሁ። ላሳይ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ በትውልድ ላይ የተመሠረተ ድህነት ሕጉ ከተለወጠ በኋላም የሚቀጥለው ሀብት ራሱ የሚወረስ ስለሆነ ነው።

1. ገቢና ሀብት አንድ አይደሉም

ስለ ኢኮኖሚ ልዩነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ገቢንና ሀብትን እናደባልቃለን። ገቢ ማለት በየወሩ ወይም በየገበያው የሚገባ ገንዘብ ነው። ሀብት ማለት ደግሞ ዕዳ ተቀንሶ በእጅ የሚቀረው ነገር ነው፦ ቤት፣ መሬት፣ ከብት፣ የተቀመጠ ገንዘብ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቀን ተመርቀው በአንድ ትምህርት ቤት በእኩል ደመወዝ መምህር ሆኑ እንበል። የአንደኛው አባት የእንሰት ጓሮ፣ ሁለት በሬና ከተማ ውስጥ ቦታ አላቸው። የሁለተኛው ቤተሰብ ምንም የለውም። የመጀመሪያው ደመወዙን ያጠራቅማል፤ ሲያገባ አባቱ ቦታ ይሰጡታል። ሁለተኛው ከደመወዙ ግማሹን ለእናቱና ለታናናሾቹ ይልካል፤ የቤት ኪራይም ይከፍላል። ከ20 ዓመት በኋላ አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ተከራይ ናቸው። ደመወዛቸው ግን አንድም ቀን አልተለያየም።

በአሜሪካም ይህን በቁጥር እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2022 የመካከለኛው የጥቁር ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ 52,860 ዶላር፣ የነጩ ደግሞ 81,060 ዶላር ነበር። ነጩ 100 ሲያገኝ ጥቁሩ 65 ያገኛል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው ጥናት የመካከለኛው የነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን የጥቁሩ 44,900 ዶላር ብቻ ነው። በሀብት ሲለካ ነጩ 100 ሲኖረው ጥቁሩ ያለው 16 ያህል ነው። እንግዲህ ትልቁ ገደል ያለው በሀብት በኩል ነው።

2. የአሜሪካው ክፍተት እንዴት ተቆፈረ?

እ.ኤ.አ. በ1862 የአሜሪካ መንግሥት ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር መሬት በነጻ ለመስጠት ሕግ አወጣ። ይህ በእኛ ልኬት 65 ሄክታር፣ ማለትም ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። በዚህ ሕግ 270 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ታድሏል፤ አብዛኛውም ለነጮች ነው የደረሰው።

ነጻ ለወጡት ባሪያዎች ደግሞ በጥር 1865 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሸርማን በሰጠው ትእዛዝ ለቤተሰብ እስከ 40 ኤከር ተፈቀደ። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች በመሬቱ ላይ ሠፍረው ማረስ ጀምረው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንዲመለስ አደረገ። ነጻ የወጣው ሰው ባዶ እጁን ቀረና ለትናንት ጌታው እያረሰ ምርት ተካፋይ ሆነ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ከመሬት ወደ ቤት ተሸጋገረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመንግሥት የተቋቋመ የቤት ብድር ድርጅት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፈለ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች "ለብድር አደገኛ" ተብለው ቀይ ተቀቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮችም መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ብድር ተዘጋጅቶ ነበር። በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት በ1947 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ለጥቁር ወታደሮች የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው።

የሲቪል መብቶች ሕግ በ1964፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1968 እ.ኤ.አ. ወጡ። ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን ሕጎቹ በሩን ሲከፍቱ አንዱ ቤተሰብ ለሁለትና ሦስት ትውልድ የዳበረ ቤትና መሬት ይዞ ነበር፤ ሌላው ገና ከዜሮ ሊጀምር ነው። ሩጫው እኩል ሆነ ቢባልም መነሻው እኩል አልነበረም።

3. ወደ አገራችን ስንመለስ

በደቡቡ የአገራችን ክፍል በሥራቸው ምክንያት በትውልድ ተለይተው የኖሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። በጋሞ ማናና ደጋላ፣ በወላይታ ጭናሻ፣ በከፋ ማንጆ ይባላሉ። በሐዲያ፣ በከምባታና በጉራጌ ደግሞ "ፉጋ" የሚለው ስም ይታወቃል። ይህ ስም ዛሬ ስድብ ሆኖ ስለሚሰማ አንድ ጊዜ ለማስረዳት ጠቀስኩት እንጂ ከዚህ በኋላ ሸክላ ሠሪዎች እያልኩ እቀጥላለሁ። አሉላ ፓንክረስትና ዴና ፍሪማን ያዘጋጁት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታተመው የጥናት መድበል ስለ እነዚህ ወገኖች በሰፊው ይተርካል። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ቢያነቡት መልካም ነው።

በሰሜኑም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትናን ያልተቀበሉ ቤተ እስራኤል ርስት እንዳይኖራቸው መደረጉ ይነገራል። መሬት ያጣው ሕዝብ በብረትና በሸክላ ሥራ መተዳደር ጀመረ፤ ቀጥሎም በዚያው ሥራው "ቡዳ" ተባለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል።

በእኛ አካባቢ ነባሩ ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነበር። ሸክላ ሠሪ ከገበሬው ጋር አይጋባም፤ ቤቱም አይገባም፤ በአንድ ዕቃ አይበላም አይጠጣም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት "የማይበላ ሥጋ ይበላሉ" የሚል ነው። ከሁሉ በላይ ግን መሬት አልነበረውም። እርግጥ ከአብዮቱ በፊት ብዙው ገበሬ ራሱ ገባርና ጭሰኛ ነበር። ሸክላ ሠሪው ደግሞ ከዚያም በታች ሆኖ በሌላ ሰው ይዞታ ጥግ በፈቃድ የሚቀመጥ ነበር። ጭቃውን የሚቆፍረው ከሰው መሬት ነው፤ የሚያቃጥልበትን እንጨትና ገለባም ከሰው ይለምናል ወይም ይገዛል።

የሥራውን ድካም የማናውቅ ካለን ልንገራችሁ። ጭቃው ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ይለቀማል፤ ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል። ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ተሠርቶ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ ሜዳ ላይ በእሳት ይተኮሳል። በዚያ ቀን ዝናብ ከመጣ የሳምንቱ ልፋት ገል ሆኖ ይቀራል። የተረፈው ገበያ ይወጣል፤ ገዢውም ጣቱን ቀስሮ እያንኳኳ ዋጋ ይቀንሳል። ጄሪካን ከመጣ ወዲህ እንስራ የሚገዛ የለም፤ ብረት ድስትም የሸክላውን ድስት እየተካ ነው። የቀሩት ምጣድና ጀበና ናቸው ማለት ይቻላል።

4. ሕጉ መጣ፤ ከዚያስ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጠውም ደነገገ። ለሸክላ ሠሪዎች ይህ ታላቅ ቀን ነበር፤ ብዙዎቹ በስማቸው መሬት ያገኙት ያኔ ነው። ነገር ግን መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩም በብዙኃኑ ገበሬ እጅ ነበር። ጥናቶቹ እንደሚገልጹት በብዙ ቦታ ለእነሱ የደረሰው ጠባብና ጭንጫ ቦታ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ደግሞ በማኅበራዊ አመጣጥም ሆነ በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። ሕጉ ግልጽ ነው። ታዲያ ክፍተቱን የሚያቆየው ምንድን ነው? ሦስት መንገዶች ይታዩኛል።

አንደኛው መሬት ነው። ሐዲያና ከምባታ በአገራችን የገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ቦታዎች ውስጥ ናቸው። የሚታደል አዲስ መሬት ስለሌለ ዛሬ መሬት የሚገኘው በዋናነት ከወላጅ ነው። የይዞታ ደብተር ሲታደልም የተረጋገጠው ያን ጊዜ በእጅ የነበረው ይዞታ ነው። ሰፊ የነበረው ሰፊውን፣ ጠባብ የነበረው ጠባቡን አስመዘገበ።

ሁለተኛው ጋብቻና መተማመን ነው። ሀብት የሚዘዋወረው በጋብቻ፣ በዕቁብና በዋስትና ነው። አነስተኛ ብድር በቡድን ዋስትና ሲሰጥ ጎረቤቶችህ "ከእኛ ጋር ይሁን" ማለት አለባቸው። በአንድ ስኒ የማይጠጣ ሰው እንዴት ለአንድ ብድር ይዋዋሳል? የአሜሪካው ቀይ ካርታ በወረቀት ላይ ነበር፤ የእኛው ካርታ በሰው ልብ ውስጥ ነው። ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የወንጌል እምነት ሰውን በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ለብዙዎች ክብር መልሷል። ልጅ ለመዳር ሲሆን ግን የድሮው ጥያቄ "የማን ዘር ነው?" ተብሎ ይመጣል።

ሦስተኛው ስደት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በሆሳዕናና በአካባቢው ከተሞች ከምናያቸው ፎቆች ብዙዎቹ በዚያ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ግን የመንገዱ ወጪ ከየት ይመጣል? በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይኮናተራል፣ ዘመድ ያበድራል። በሬም መሬትም ባለገንዘብ ዘመድም የሌለው አይሄድም። መንገዱ ሞት ያለበት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሂዱ ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግሁት የድሮው የመሬት ክፍተት ዛሬ የፎቅ ክፍተት ሆኖ መወለዱን ነው።

5. የሚለያዩበት ነገር

ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ግን ስህተት ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ከአህጉራቸው ተግዘው እንደ ዕቃ የተሸጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ የሸክላ ሠሪዎቻችን ታሪክ ሌላ ነው። በአሜሪካ ልዩነቱ በቆዳ ይታወቃል። ጊምቢቹ ገበያ ላይ የቆመ እንግዳ ግን ገበሬውንና ሸክላ ሠሪውን በመልክ አይለይም፤ ቋንቋቸውም አንድ ነው። ይህ ራሱ ትምህርት ይሰጠናል። ቀለም ባይኖርም ሰው ሌላ ምልክት ይፈልጋል፦ ሥራ፣ ምግብ፣ የአያት ስም። ምልክቱ ምንም ይሁን፣ መሬትና ጋብቻ ከተዘጋ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ሌላው ልዩነት መለካት ነው። አሜሪካኖች ክፍተታቸውን በየሦስት ዓመቱ በዶላር ቆጥረው በአደባባይ ይከራከሩበታል። እኛ ግን "ልማድ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው እኩልነትን ማወጅ አስፈላጊ ነው፤ የተወረሰን ክፍተት ግን ብቻውን አይዘጋም። ለሸክላ ሠሪዎች የጭቃ መቆፈሪያ ቦታ በማኅበር ስም ቢረጋገጥላቸው፣ ብድር ጎረቤት በሚሰጠው ዋስትና ላይ ብቻ ባይንጠለጠል፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ በስም እንዳይሰደቡ መምህራን ቢጠብቁ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። እኛም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንፈልግ ሩቅ ከምንሄድ በየወረዳችን የመሬት ይዞታን፣ የብድርንና የትምህርትን ሁኔታ ብንቆጥር ለሚቀጥለው ተማሪም ለአስተዳደሩም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ዘንድሮ ለዕረፍት ቤት ስገባ እናቴን ስለዚያ ስኒ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ "እኛም እንዲሁ አግኝተነው ነው ልጄ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሷም ወርሳው ነው። ሴትየዋ ዛሬ አርጅተዋል፤ ገበያ የሚወጡት ልጃቸው ናቸው፤ ያው ምጣድና ያው ጀበና አዝለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የአባቴ በሬ ተሸጦ ነው። የእሳቸው የልጅ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ግን አላየሁትም። ክፍል ውስጥ "እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" ሲባል ራሴን የነቀነቅሁት እሱን ረስቼ ነው።