በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚታይ ደም፦ መቼ ያሠጋል?

አንድ ወጣት ከዘር ፈሳሹ ጋር ደም ተቀላቅሎ ቢመለከት በመጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎም ይደብቃል። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነው። መደበቁን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

ለመሆኑ ደሙ ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን የዘር ፈሳሽ በሙሉ ከዘር ፍሬዎች የሚወጣ ይመስለናል። ከዘር ፍሬዎች የሚመጣው ግን ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ከሽንት ፊኛ ጀርባ ከሚገኙት ሁለት የዘር ከረጢቶች፣ የቀረው አብዛኛው ደግሞ ከፕሮስቴት ዕጢ ይመነጫል። ከእነዚህ አካላት አንዱ ቢቆጣ ወይም በውስጡ ያለች ቀጭን የደም ሥር ብትሰነጠቅ፣ ጥቂት ጠብታ ደም መላውን ፈሳሽ ያቀላዋል። ደማቅ ቀይ ቀለም የቅርብ ጊዜ መድማትን ያመለክታል። ቡናማው በከረጢቶቹ ውስጥ የሰነበተ ደም ስለሆነ፣ መድማቱ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት ሊታይ ይችላል።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከሚታወቁት መንስኤዎች ዋነኛው ኢንፌክሽን ነው፤ ጨብጥና ክላሚዲያ ከእነዚሁ ይመደባሉ። ብዙ ጊዜ ግን ምንም መንስኤ ሳይገኝ በራሱ ይጠፋል። ከፕሮስቴት ዕጢ ለምርመራ ናሙና በተወሰደለት ሰው ላይ መታየቱም የሚጠበቅ ነው።

በአገራችን ሐኪሙም ታማሚውም ሊዘነጉት የማይገባ ሌላ መንስኤ አለ፤ ቢልሃርዚያ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያስተዋሉት ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ ነበር። በደጋማው አካባቢ የሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። የሽንት ቧንቧው ዓይነት ግን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ቆላማ ስፍራዎች ይገኛል። ትሎቹ በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ እንቁላሎቻቸውም በፕሮስቴትና በዘር ከረጢቶች ውስጥ ተቀርቅረው ቁስለት ያስከትላሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የዋኘ ወይም በመስኖ ውኃ የሠራ ሰው ይህንን ለሐኪሙ መንገር አለበት። እንቁላሎቹ በሽንት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ናሙናው በዚያ ሰዓት ቢሰጥ ይመረጣል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ነው። የሽንትና የመራቢያ አካላት ቲቢም እንዲሁ መታሰብ ይኖርበታል።

እንግዲህ መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ? በእኛ እምነት አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቢሆንም የሽንት ምርመራ ማድረግ አይከፋም። ዕድሜው 40 ዓመት የሞላው፣ ደሙ የተመላለሰበት ወይም ከአንድ ወር በላይ የዘለቀበት፣ በቤተሰቡ የፕሮስቴት ካንሰር የታየበት፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መቅረት የለበትም። ካንሰር የሚገኘው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል። በሽንትም ውስጥ ደም ከታየ ወይም በዘር ፍሬ ላይ እብጠት ከተዳሰሰ ቀጠሮ ማራዘም አይገባም። ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ካለ፣ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ በዚያው ዕለት መሄድ ነው።

ሐኪሙ ጠይቆ፣ የደም ግፊት ለክቶና አካል መርምሮ ሽንት ያስመረምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ፕሮስቴትን በጣት ይዳስሳል፣ አልትራሳውንድ ያዛል። ደሙ ከተጓዳኝ የመጣ እንዳይሆን በኮንዶም ተጠቅሞ ማረጋገጥም ይቻላል። አንዳንዶች ሐፍረትን ሽሽት ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው ይውጣሉ። መድኃኒቱ የቢልሃርዚያን ትል አይነካም። መንስኤው ጨብጥ ከሆነም ተጓዳኝ ሳትታከም ስለምትቀር በሽታው ተመልሶ ይመጣል።