ቢጫው ቅጠል ለምን መጨረሻ ይቀባል?

የመጸውን ጫካ በዘይት ቀለም ለመሳል የተነሳ ጀማሪ እጁን ቀድሞ የሚሰደው ወደ ቢጫውና ወደ ቀዩ ቱቦ ነው። ዓይኑን የሳበው ቅጠሉ ነውና አይፈረድበትም። ቅጠሉ ግን ተራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ያዘዘው ደግሞ የተልባ ዘይት ጠባይ ነው።

የዘይት ቀለም በአብዛኛው በተልባ ዘይት የታሸ የቀለም ዱቄት ነው። የውሃ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነው። የተልባ ዘይት ግን አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን ይስብና ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተቆላለፉ ይጠነክራሉ። ሲደርቅ በመጀመሪያ ክብደቱ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። ኦክስጅኑ የሚገባው ከላይ ስለሆነ ወፍራም ቅብ ገጹ ቆዳ ሲያወጣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ዘይት በጠገበ ቅብ ላይ ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ቀለም ከተደረበ፣ የላይኛው ከደረቀ በኋላ የታችኛው ይንቀሳቀሳል፤ ሥዕሉም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከታች በአኳራጅ የቀጠነው፣ ከላይ ዘይት የበዛበት ይሆናል።

ደግነቱ ጫካው ራሱ ለዚህ ሕግ ይመቻል። ግንዱና ጥላው የሚጀመርበት አምበር የተባለው ቡናማ አፈር ማንጋኒዝ ስላለው የዘይቱን መድረቅ ያፋጥናል። ካድሚየም ቢጫ ይዘገያል፤ ከላይ መዋሉ ትክክለኛ ቦታው ነው።

ቅጠሉን ለመቀባት ደግሞ ዛፉ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቢጫው በጋውንም ሁሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስ ብቻ ይገለጣል። ቀዩ አንቶሲያኒን ግን በአብዛኛው ያኔ አዲስ የሚሠራ ሲሆን፣ ብርሃን ሲበዛ እሱም ይበዛል። እንደ ሜፕል ባሉ ዛፎች ቀዩ ፀሐይ በሚያገኘው በውጪው በኩል ይበረታል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ቢጫ ይሆናል። ዛፉን በሙሉ ቀይ የሚያለብስ ጀማሪ ብርሃኑን ራሱ አጠፋው ማለት ነው።

ቢጫ የሚደምቀው ግን በጎረቤቱ ነው። ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል በፓሪሱ የጎብለን ሥዕላዊ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። መረመረ፤ ማቅለሚያው ደህና ነው፣ ያደበዘዘው አጠገቡ ያለው ቀለም ነው። ይህን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። (ሰውዬው አስቀድሞ ስሙን ያስጠራው በስብና በዘይት ኬሚስትሪ ነበር፤ ለሠዓሊ ከሱ የተሻለ ባለውለታ ማን አለ?) ሩሲያዊው ኢሳክ ሌቪታን በ1895 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ በሞስኮው ትሬትያኮቭ ሙዚየም ያለው «ወርቃማ መጸው» ይህንኑ ያሳያል። በወርቃማዎቹ በርች ዛፎች መሀል ጥቁር ሰማያዊ ወንዝ ይፈስሳል፤ ወንዙን በእጅዎ ቢሸፍኑት ወርቁ ይቀዘቅዛል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ተጨማሪ ቢጫ እንዲገዛ አይደለም፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ደባልቆ ግራጫ መሥራትን እንዲለማመድ ነው። ሩቁ ዛፍም ይህንኑ ግራጫ ይፈልጋል፤ በመሀል ያለው አየር ሰማያዊ ብርሃን እየበተነ ያለብሰዋልና።

ሥራው ሲያልቅ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉ። ኦክስጅን ሲስብ ይሞቃል፤ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ ዘርግተው ያድርቁት፣ አለዚያም ውሃ በሞላበት የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።