መጋቢት ደጋ፣ ሐምሌ ቆላ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ ሐበሻ በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ሞቅ ሲል የሚያስበው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ጎመንና ቃሪያ። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ ገዝቶ በዚያው ቅዳሜ ሲተክላቸው ነው ነገር የሚበላሸው። ጎመን ደገኛ ነው፤ ቃሪያ ሙቀት ካላገኘ የማይሆንለት። አገር ቤት ሁለቱን የሚለያቸው ከፍታ ነው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ማረቆ በቅለው ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ግን የሚለያቸው ወር ነው። መሬቱ ባለበት ተቀምጦ፣ አየሩ በየዓመቱ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል።

ይህ ማጋነን አይደለም። ዋሽንግተን ኤፕሪል ላይ ቀኑ በአማካይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌሊቱ 9 ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ጁላይ ላይ ቀኑ ከ31 ይበልጣል፣ ሌሊቱም በአማካይ ከ20 በላይ ነው፤ ይሄ እንግዲህ አዋሽ ነው። ኦክቶበር ሲመጣ ዞሮ አዲስ አበባ። ፈረንጆቹ “የቀዝቃዛ ወቅት” እና “የሞቃት ወቅት” ሰብል ብለው በሰንጠረዥ የሚያስተምሩትን፣ እኛ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን በሕፃንነታችን ሸምድደነዋል። የቀረው ከወሩ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ደጋው የሚጀምረው በመጋቢት ነው። መጋቢት በፈረንጅ ማርች 10 አካባቢ ይገባል፤ ውርጩ ገና አልሄደም፣ ሆኖም አተር፣ ሰላጣ፣ ስፒናችና ጎመን ቀላል ውርጭ አይገድላቸውም። እነዚህ ዘሮች የሚጠብቁት የአፈሩን ሙቀት ነው። የሰላጣና የስፒናች ዘር አፈሩ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ እንኳ ቀስ ብሎ ይበቅላል፤ የቃሪያ ዘር ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ነው ደስ የሚለው። ስለዚህ ለጀማሪ ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ እኔ የማስቀድመው የአፈር ቴርሞሜትር ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሰክቶ ማንበብ ነው። ብዙ ሰው “ዞን” የሚባለውን የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ካርታ አይቶ መትከያ ቀን ሊያወጣ ይሞክራል። ያ ካርታ የሚናገረው በብርድ ወራት ሙቀቱ በአማካይ እስከ ስንት እንደሚወርድ ነው። በለስ ወይም ጤና አዳም ከርሞ ይተርፍ እንደሆነ ይጠቅማል፤ ሰላጣ መቼ ይዘራ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ቴርሞሜትሩ ቢፈቅድም አፈሩ ላይፈቅድ ይችላል። የዚህ አገር መሬት በብዙ ሰፈር ቀላ ያለ ከባድ ሸክላ ነው። እርጥብ ሳለ የቆፈረው ሰው ሲደርቅ ጡብ ይዞ ይቀራል፣ ያም ጓል ዓመቱን ሙሉ አይፈርስም። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ ጭብጥ አፈር አንስቶ መጭመቅ፣ ከዚያ በጣት መንካት። ከተፈረካከሰ መቆፈር ይቻላል፤ እንደ ሊጥ ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ ጥቂት ቀን መታገሥ ነው። ሞተር ያለው መቆፈሪያ የሚከራዩም አሉ፤ ለአነስተኛ ጓሮ ወጪው የሚያዋጣ አይመስለኝም። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር ኮምፖስት አልብሶ በመንሽ ማገላበጡ ይበቃል። መቆፈር ከመጀመሩ በፊት ግን 811 መደወል ነው፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር በየት እንደሚያልፍ በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጋሉ።

አሮጌ ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የተከለከለው በ1978 በፈረንጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር ያለ አፈር ለዓመታት ሲላጥ የኖረው ቀለም ሊኖርበት ይችላል። ልጆች አፈር ይነካሉ፣ ቅጠሉም አቧራውን ይይዛል። አፈሩን ለላቦራቶሪ ልኮ ማስመርመር ብዙ ወጪ የለውም፤ ሲልኩ የእርሳስ ምርመራ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውጤቱ ካላማረ፣ ወይም ሸክላው እጅ ካልሰጠ፣ በሣንቃ የታጠረ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከሁለቱም በኩል እጅ መሐሉን ይደርሳል፣ ማንም አፈሩን አይረግጥም። ቦታውን የሚመርጠው ፀሐይ ነው፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ለቃሪያ ስምንት ቢሆን ይሻላል። መጋቢት ላይ ፀሐይ የሞላበት ጥግ፣ ጎረቤት ያለው ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ ጥላ እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይከተላሉ። ድንች አያስቸግርም፤ በሐምሌ ይወጣል። ካሮት ግን የጀማሪን ትዕግሥት ይፈትናል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ የሚዘራው ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙ ሳይርቅ ነው፣ ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የአፈሩ ፊት አንዴ እንኳ መድረቅ የለበትም። ብልሃቱ መስመሩን አጠጥቶ ጠባብ ጣውላ መድፋትና በየቀኑ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ የመጀመሪያው ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ ብቅ ሲል ጣውላው ይነሣል። አንድ ቀን ቢዘገይ ቡቃያው ጎብጦ ይቀራል። ቀይ ሥር ሌላ ጠባይ አለው። ሻካራዋ “ፍሬ” አንድ ዘር ትምሰል እንጂ በውስጧ ብዙ ጊዜ ሁለትም አራትም ይኖራሉ። ተጠጋግተው ሲበቅሉ ሆድ አይጨክንም፣ ግን ካልሳሱ ሁሉም ቅጠል ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሚነቀለው ደግሞ አይጣልም፤ ለጋው ቅጠል ከሰላጣ ጋር ይበላል።

ጎመን ለብቻው ወሬ ይገባዋል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ኮላርድ ግሪን እየተባለ የሚሸጠውና የእኛው የሐበሻ ጎመን፣ ምጣድ የሚታሰስበት ጎመን ዘር የሚገኝበት፣ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ኮላርድ የጥቅል ጎመን ወገን ነው። የእኛው ግን ከጥቅል ጎመን ዘመዶችና ከጥቁር ሰናፍጭ በተፈጥሮ የተዳቀለ ነው፤ ይህንን ዝምድና ትውልደ ኮሪያው ተመራማሪ ው ጃንግቹን በ1935 በፈረንጅ ባሳተመው ጥናት አስረድቷል። ለጓሮ የሚሆነው ልዩነት ይህ ነው፦ የሐበሻው ቶሎ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ሙቀት ሲመጣ ግን ለማበብ ይቸኩላል። ኮላርድ ይዘገያል፣ ሙቀቱን ግን ይችላል። ቦታ ያለው ሁለቱንም ይዝራ። ሁለቱም ላይ ነጯ ቢራቢሮ እንቁላል ትጥላለች፣ አረንጓዴ ትሉም ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ ለዚሁ በሚሸጠው ስስ ነጭ ጨርቅ መሸፈን ከየትኛውም መድኃኒት ይሻላል፤ ብርሃንና ዝናብ ያስገባል፣ ቢራቢሮ አያስገባም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ለዐቢይ ጾም አይደርስም። መዝሪያው ራሱ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው፤ ሰላጣው የሚቆረጠው ሰው ዶሮ ወጥ ሲበላ ነው። የሚደርሰው ለሰኔ ጾም ነው፣ ለእሱ ግን በጥሩ ጊዜ፤ ጎመኑም፣ ቀይ ሥሩም፣ ካሮቱም።

ቃሪያው እስከዚያ ቤት ውስጥ ነው። ዘሩ ወደ ውጭ ከመዛወሩ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ቀድሞ፣ ማለትም በየካቲት መጨረሻ፣ በትንንሽ ኩባያ ይዘራል። ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል፣ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ብርሃን። የመስኮት ብርሃን አይበቃውም፤ ወደ መስታወቱ እየተንጠራራ ቀጥኖ ይወድቃል። ተራ የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ በላይ አንድ ጋት ያህል ተንጠልጥሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢበራ ችግኙ አጭርና ደንዳና ይሆናል። ወደ ውጭ ሲወጣ በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ጥላ ሥር ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመሩ፣ አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ ማለማመድ ነው፤ አለዚያ ፀሐዩ ቅጠሉን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል።

መቼ ይተከል? የአገሬው ሰው የእናቶች ቀንን ይጠብቃል፤ በሜይ ሁለተኛው እሑድ ነው። እኛ ደግሞ ልደታ አለችን። ግንቦት 1 ሜይ 9 ላይ ነው የሚውለው፤ ልደታን አክብሮ የተከለ ሰው እምብዛም አይከስርም። በከተማው መሐል የመጨረሻው ውርጭ ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል መጀመሪያ ያልፋል፣ ወጣ ባሉት ሰፈሮች ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊዘልቅ ይችላል። ውርጭ ባይኖርም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ ቃሪያ ባለበት ይቆማል፤ አይሞትም፣ አያድግም። ትልልቆቹ መደብሮች ግን በኤፕሪል ገና ሲሞቅ የቃሪያና የቲማቲም ችግኝ በር ላይ ይደረድራሉ። ችግኙ መሸጡ የመትከያው ጊዜ ለመድረሱ ማስረጃ አይደለም። በሶብላም እንደ ቃሪያ ነው፤ ልደታን ይጠብቅ።

ደጋና ቆላው የማይገልጸው አንድ ነገር ቢኖር የቀኑ ርዝመት ነው። አገር ቤት ቀኑ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እዚህ በጁን አሥራ አምስት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ስፒናችና ድንብላል ቀኑ ሲረዝም ቅጠሉን ትተው ያብባሉ። ድንብላሉን ለፍሬው ለሚፈልግ ቤት ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ትቶት ዘሩን መሰብሰብ ነው። ሽንኩርት ላይ ግን ጣጣ አለ። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የሚባሉት የአገር ቤት ዝርያዎች በአጭር ቀን የሚያኮርቱ ናቸው፤ እዚህ መጋቢት ላይ ቢዘሩ ቅጠላቸው ሳይጠነክር ቀኑ ረዝሞባቸው እንደ ብይ ያለ ሽንኩርት ይሰጣሉ። ለዚህ ኬክሮስ “መካከለኛ ቀን” የተባለውን መርጦ መግዛት ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ብርድ ሳያገኘው ክፍልፋይ አያወጣም፤ የሚተከለው በጥቅምት ነው፣ የሚወጣው በሰኔ መጨረሻ።

ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚያምረው ብዙ ነው። ለመትከል የሚመጣ ዘር ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ወይም ለጥቂት ዘር ከአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያም ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የሐበሻ ጎመን ዘር እዚሁ አሜሪካ ከሚሸጡ ዘር አምራቾች ስለሚገኝ፣ ለእሱ ሲባል ጉምሩክ ፊት መጨነቅ አያስፈልግም።

አጋዘን የሌለበት ሰፈር የሚኖር ዕድለኛ ነው። በሞንትጎመሪም በፌርፋክስም መንጋው አጥር ዘሎ ሌሊት ይገባና ጠዋት ግንድ ብቻ ይቀራል። ከሁለት ሜትር ያነሰ አጥር ለእሱ አጥር አይደለም። ለጥንቸል ግን ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ እግሩ መሬት ውስጥ የገባ ጠባብ ሽቦ ይበቃል። ጓሮ የሌለው አፓርታማ ነዋሪም አልተረሳም፤ የሞንትጎመሪ ፓርኮችና የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ባለሥልጣን በዓመት ኪራይ የሚሰጡት የአትክልት ቦታ አላቸው፤ ተራ ስላለ ቀደም ብሎ መመዝገብ ነው።

ሰኔ አልቆ ሙቀቱ ሲበረታ ሰላጣው ይመርራል፣ አተሩ ይደርቃል፣ የሐበሻው ጎመን ቢጫ አበባ ያወጣል። ያን ጊዜ ተነቅለው ቦታቸው ላይ ፎሶሊያ ይዘራል፤ ሜዳው የቃሪያው ነው። የሁለተኛው ደጋ ዝግጅት ግን የሚጀመረው በዚያው ሙቀት መሐል ነው። የጎመን ዘር በሐምሌ ጥላ ሥር ይፈላል፣ ችግኙ ፍልሰታ ላይ ይዛወራል። የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካው ጎመኑ ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ ብርዱን ለመቋቋም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ፣ በቤቱ የሚሠራው ጎመን ከራሱ ጓሮ የተቀጠፈ ይሆናል።