ሰፊ ጎማ በለስላሳ መሬት፦ የተራራ ብስክሌት በሚኔሶታ ወንዝ ዳር

የተራራ ብስክሌት ከአስፋልት ወጥቶ በአፈር፣ በአሸዋ፣ በድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ፣ ሰፋ ያለና ጥርስ ያለው ጎማ፣ ጠንካራ ፍሬም፣ አስተማማኝ ፍሬንና ዳገት የሚያቀልሉ ማርሾች ያሉት የብስክሌት ዓይነት ነው። ስሙ ከፍታን ቢያመለክትም፣ ከሚነዳባቸው ስፍራዎች ብዙዎቹ ተራራ የሌለባቸው የደንና የወንዝ ዳር ሜዳዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ በምትገኘው በብሉሚንግተን ከተማ ግርጌ የተዘረጋው የሚኔሶታ ወንዝ ሸለቆ ሲሆን፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአፈር ዱካ የወንዙን ዳርቻ ተከትሎ ሲጓዝ ይህ ነው የሚባል ዳገትም ሆነ ቁልቁለት አያጋጥመውም። የብስክሌቱ አሠራር ከተራራው ይልቅ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ገር መሬት ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ስፍራ ማሽኑንም ነጂውንም የሚፈትነው የአቀበቱ ብርታት ሳይሆን የአፈሩ ልልነት ነው።

የማሽኑና የስፍራው ታሪክ ባልታሰበ ሁኔታ በአንድ ወር ውስጥ ይገናኛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ኦክቶበር 8 ቀን 1976 የሚኔሶታ ሸለቆ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ በፌዴራል ሕግ ተቋቋመ፤ ከ13 ቀናት በኋላ ደግሞ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በማሪን ካውንቲ፣ ጥቂት ወጣቶች ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ የአፈር መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርዱበትን የመጀመሪያውን የሪፓክ ውድድር አካሄዱ። ወጣቶቹ የተጠቀሙባቸው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶች ነበሩ። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ስለነበር፣ በረጅሙ ቁልቁለት እየጋለ ውስጡ ያለውን ግራሶ አቅልጦ ይጨርሰውና ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ በአዲስ ግራሶ መሞላት ነበረበት። ጆ ብሪዝ ለዚህ ዓይነቱ ግልቢያ ብቻ የታሰበ ፍሬም በ1977 ሠራ፤ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 ቶም ሪቺ የሠራቸውን ፍሬሞች ይዘው መነገድ ጀመሩ፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚባለውን ሞዴል በብዛት ለገበያ ሲያወጣ ማሽኑ ከጥቂት አፍቃሪዎች እጅ ወጥቶ ለሕዝብ ደረሰ። ስፖርቱ በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ውስጥ ሲካተት ከሪፓክ ውድድር ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የሚኔሶታ ወንዝ ከግዛቱ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከቢግ ስቶን ሐይቅ ተነሥቶ ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ የዳኮታ ሕዝብ እንደ ቅዱስ ስፍራ በሚያከብረው መገናኛ፣ በፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ከሚሲሲፒ ጋር ይቀላቀላል። ሸለቆው ግን ለወንዙ እጅግ የሰፋ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፋቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ስፋት የቆፈረው የዛሬው ወንዝ ሳይሆን በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ፣ አጋሲዝ ከተባለው ግዙፍ የቀለጠ በረዶ ሐይቅ ሞልቶ ይፈስ የነበረው፣ የጂኦሎጂ ሊቃውንት ዋረን ወንዝ የሚሉት ታላቅ ጎርፍ ነው። ያ ጎርፍ ሲጠፋ ሜዳማ ወለል ትቶ ሄደ፤ ታናሹ ወንዝም በዚህ ወለል ላይ እየተጠማዘዘ በየጸደዩ እየሞላ ደለልና አሸዋ ሲያነጥፍበት ኖሯል። ስለዚህ ብስክሌቱ የሚሄድበት ምድር በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ይህን ሸለቆ ከአውሮፕላን መስኮት ያውቁታል፤ የመንትዮቹ ከተሞች ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ከመጠለያው አጠገብ በሚገኘው ከፍታ ላይ ነውና።

ለስላሳ አፈር ላይ የጎማ ስፋት ለምን ወሳኝ እንደሚሆን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ጎማ መሬት የሚነካው ጠፍጣፋ በሆነችው በታችኛዋ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የዚህች ክፍል ስፋት የሚወሰነው በዋነኝነት በክብደቱና በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ነው። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ጎማዎቹ በ2 ባር ቢነፉ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ግራም ያህል ቢያርፍ፣ ሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 45 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ይይዛሉ። ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ሲቀነስ ያው ክብደት በ180 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። ይህም አንድ ሰው ሲራመድ በአንድ እግሩ ጫማ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር የተቀራረበ ነው። ነገር ግን ጠባብ ጎማ በግማሽ ባር ቢነዳ ቸርኬው ከድንጋይና ከዛፍ ሥር ጋር ይጋጫል፣ ጎማውም በቀላሉ ይበሳል፤ ግፊትን እስከዚህ ድረስ ለመቀነስ ጎማው ራሱ መስፋት አለበት። በየወንዝ ዳሩ የሚታየው ወፍራም ጎማ ለማማር የተደረገ ሳይሆን ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

ይህ ስሌት በምርት መልክ ለብዙኃኑ የቀረበውም እዚያው ብሉሚንግተን ውስጥ መሆኑ የስፍራውን ታሪክ ልዩ ያደርገዋል። በከተማዋ የሚገኘው ሰርሊ የተባለ የብስክሌት አምራች በ2005 ፐግስሊ የሚባል፣ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ስፋት ያለው ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ለገበያ አወጣ፤ ዘርፉም ዛሬ ፋት ባይክ በሚል ስያሜ ይታወቃል። ከዚያ በፊት በአላስካ በበረዶ ላይ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ሁለት ቸርኬዎችን ጎን ለጎን በመበየድና ጎማዎችን በመስፋት ተመሳሳይ ሙከራ ያደርጉ ነበር፤ የሰርሊ ድርሻ የጥቂቶችን የእጅ ሥራ ማንኛውም ሰው ከሱቅ ሊገዛው የሚችል ዕቃ ማድረጉ ነው።

በዱካው ላይ ያለው ግልቢያ ከፍጥነት ይልቅ ሚዛን መጠበቅን ይጠይቃል። ጎርፍ አዲስ አሸዋ ባነጠፈበት ቦታ የፊት ጎማው ወደ ጎን መስመጥ ይጀምራል፤ ልምድ ያለው ነጂ በዚህ ጊዜ መሪውን አጥብቆ ከመታገል ይልቅ ክብደቱን ጥቂት ወደ ኋላ አድርጎ፣ ቀለል ባለ ማርሽ ሳያቋርጥ ይረግጣል፤ ምክንያቱም አሸዋ ላይ የቆመ ጎማን እንደገና ማስነሣት ከማስቀጠል ይልቅ እጅግ ይከብዳል። በሸለቆው ኮተንውድ የተባለው ረጅም ዛፍ፣ ሜፕልና አኻያ በብዛት ስለሚበቅሉ የወደቀ ግንድ በየመንገዱ ያጋጥማል፤ ከግንዶቹም አንዳንዶቹ ቢቨር የተባለው፣ ጠፍጣፋ ጅራት ያለውና ዛፍ ቆርጦ ግድብ የሚሠራው እንስሳ የጣላቸው ሲሆኑ፣ ጉቶው ላይ የጥርሱ ምልክት እንደ ተቀረጸ እርሳስ ጫፍ ተሹሎ ይታያል። በከፍተኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ራሰ ነጩ የአሜሪካ ንስር፣ በኩሬዎቹ ዳር ደግሞ ሳቢሳ አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ዱካው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ዓመቱን ሙሉ ሊነዳበት አይገባም። በክረምቱ ቅዝቃዜ መሬቱ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርና በረዶው ሲረገጥ ለሰፊው ጎማ እጅግ ምቹ ይሆናል፤ በበጋና በመከርም አፈሩ ደርቆ ይጠነክራል። አስቸጋሪው ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ የላይኛው አፈር ሲቀልጥ የታችኛው ገና በረዶ ስለሚሆን ውኃው መስረጊያ ያጣል፣ ዱካውም ይጨቀያል። በዚህ ጊዜ የሚያልፍ ጎማ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ይሄዳል፤ ቦዩ ውኃ ይይዛል፤ ተከታዩ ነጂ ጭቃውን ለመሸሽ ወደ ጎን ይወጣል፤ በዚህ ሁኔታ አንድ ክንድ የነበረው ዱካ ሣሩን እየበላ ሜዳ ይሆናል። ጎማ ከእግር የበለጠ አፈር ይሸረሽራል የሚለው የተለመደ እምነት ግን ሁልጊዜ አይጸናም፤ በ1994 የታተመ፣ በሞንታና ግዛት የተካሄደ ጥናት ፈረስና እግረኛ ከብስክሌት የበለጠ አፈር እንደሚያላቅቁ አሳይቷል። ጥያቄው ማን አለፈ ከሚለው ይልቅ መቼ አለፈ የሚለው ነው ማለት ይቻላል፤ ጎማው የጣት ስፋት የሚያህል ጥልቀት ያለው ምልክት ከተወ ነጂው መመለስ ይገባዋል።

ለእንስሳቱም ብስክሌቱ የራሱ ችግር አለው። ድምፅ ሳያሰማ በፍጥነት ስለሚደርስ አጋዘንም ሆነ ወፍ ከእግረኛ ይልቅ በድንገት ይደነግጡበታል። በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ለአባላቱ ካወጣቸው ደንቦች መካከል እንስሳትን አለማስደንገጥ፣ ለሌሎች መንገደኞች ቅድሚያ መስጠትና በተፈቀደ ዱካ ላይ ብቻ መንዳት የሚሉት የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት ብስክሌት በተጠበቀ መሬት ላይ ያለው ቦታ እንደ መሬቱ ዓይነት ይለያያል። በ1964 የወጣው የዱር ምድር ሕግ በሚሸፍናቸው አካባቢዎች ማንኛውም ሜካኒካዊ መጓጓዣ የተከለከለ በመሆኑ ብስክሌት አይገባም። በብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያዎች ደግሞ በ1997 የወጣው ሕግ አደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ እንስሳትን መመልከት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የአካባቢ ትምህርትና ገለጻ የሚባሉትን ስድስት አገልግሎቶች ያስቀድማል። ብስክሌት ከስድስቱ ውስጥ ስለሌለ የሚፈቀደው ከመጠለያው ዓላማ ጋር የሚስማማ መሆኑ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በብሉሚንግተን ያለው ዱካ በከተማው፣ በግዛቱና በመጠለያው ይዞታዎች ላይ ስለሚያልፍ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በ2014 አስፋልት ለማንጠፍ ገንዘብ ሲመድብ የተነሣው ክርክር ሁሉንም ነካ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችና ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች ወንዙን የማየት መብት አላቸው የሚለው ሐሳብ ክብደት ያለው ነው፤ በየጸደዩ በጎርፍ የሚሸፈን ወለል ላይ አስፋልት ማንጠፍ ደግሞ የማያቋርጥ ጥገናና ከባድ ማሽን ወደ ሸለቆው መጋበዝ ስለሚሆን፣ የአፈሩ ዱካ እንዳለ እንዲቆይ የጠየቁት ብስክሌተኞችና እግረኞች አቋም ለስፍራው ተፈጥሮ ይበልጥ የቀረበ ይመስላል። በመጠለያ መሬት ላይ እንደ ብስክሌት ላለ አገልግሎት የሚሰጠው የተስማሚነት ውሳኔ ግን ቋሚ አይደለም፤ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ እንደገና ይመረመራል።